የቤቱ ስልክ ተይዟል

እማማ ሃሎ ከቢሮ እንደገና ደወሉ፤ የቤታቸው ስልክ አሁንም ተይዟል። እጀታውን አስቀምጠው ወዲያው መልሰው አነሱት።

“ከማን ጋር ነው እንዲህ የምታወራው?” አሉ ለራሳቸው።

የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት የምትገባበት ሰዓት አልፏል። እንደገባች ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ወደ ቢሮ ደውላ “ደረስኩ” ትላለች። እናቷ ሌላ ከተማ ስለምትሠራ የምትኖረው ከአያቷ ጋር ነው፤ ሞባይል ገና አልተፈቀደላትም። ዛሬ አልደወለችም። ወድቃ ይሆን? ስልኩ ከእጇ አምልጦ ተንጠልጥሎ ይሆን? ክፉ ሐሳብ እንደሆነ በር አያንኳኳም፤ ዝም ብሎ ነው የሚገባው።

አጠገባቸው ቴክኒሻኗ ላፕቶፗን ከፍታ አዲሱን የቢሮ ስልክ ታስተካክላለች። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ከውጭ የሚደውል ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የተቀዳ ድምፅ ነው፤ ለሽያጭ አንድን ይጫኑ፣ ለሒሳብ ሁለትን ይጫኑ እያለ የሚቀጥል። ከዚህ ሕግ ነፃ ሆነው በቀጥታ የሚያልፉ ቁጥሮችም ይኖራሉ ተብሏል። እስካሁን የገቡት ግን የሥራ አስኪያጁና የደንበኞቻቸው ናቸው፤ የእማማ ሃሎ የቤት ቁጥር ተራው አልደረሰም።

ድሮ እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረም። እሳቸው በኦፕሬተርነት ሥራ ሲጀምሩ ስልኩ ቁም ሣጥን የሚያህል ነገር ነበር። ጥሪ ሲመጣ ትንሽዬ መብራት ትበራለች፣ ገመዱን መዘዝ አድርገው ቀዳዳው ውስጥ መሰካት ነው። ደዋዩን ገና ሲተነፍስ ያውቁታል። የልጅቷ እናትም በዚህችው ልጅ ዕድሜ ከትምህርት ቤት ስትገባ ትደውል ነበር። ድምፅዋ ቀጭን ስለነበር የሒሳብ ሹሙ ከወዲያ ሆነው “ወፏ ገባች?” ይላሉ። የዘገየች ቀን ቢሮው በሙሉ ሥራ አይያዝለትም፤ ዘበኛው ሳይቀር በመስኮት ብቅ ብሎ ይጠይቃል። ዛሬ የሒሳብ ሹሙም የሉም፣ ቁም ሣጥኑም የለም። ሁሉም በየክፍሉ ጆሮው ላይ የራሱን ሰክቶ ተቀምጧል። ማን ማንን ይጠይቅ?

“ልጄ፣ እኔ ልሄድ ነው” አሉና ሹራባቸውን ከወንበሩ አነሱ።

“እማማ፣ አንዴ ይቆዩ። ቤት ስልኩ ላይ ምንም አልነኩም?”

“ምን እነካለሁ? አንቺ ትናንት ያሳየሽኝን ብቻ ነው።”

“የቱን?”

“ጥሪ ወደ ሌላ የሚልከውን ነዋ። ጠዋት ስወጣ ወደዚህ ላክሁት። እናቷ ቀን ብትደውል ባዶ ቤት ውስጥ አይጩህ ብዬ።”

ቴክኒሻኗ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጥ አደረገች። “እንግዲያው ሲደውሉ የቆዩት ለራስዎ ነው። ጥሪው ቤት ደርሶ ተመልሶ እዚሁ ይመጣል፤ እዚህ ደግሞ ያለውን አንድ የውጭ መስመር የያዙት እርስዎ ነዎት።”

ሌላ ጊዜ ቢሆን እሳቸውም ይስቁ ነበር። አሁን ግን ልጅቷስ ለምን አልደወለችም ብለው ጠየቁ። ቴክኒሻኗ ስክሪኑን ወደሳቸው አዞረችው። የቤታቸው ቁጥር ደጋግሞ ገብቷል፤ ገና የተቀዳው ድምፅ ሲጀምር ተዘግቷል። እማማ ሃሎ ሹራባቸውን እንዳቀፉ ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ።

“እቴቴ? ማናት ያቺ ሴትዮ? በደወልኩ ቁጥር እሷ ናት የምታነሳው።”

“ሰው አይደለችም፣ ማሽን ናት። ደህና ነሽ? በሩን ቆልፈሻል?”

“ቆልፌያለሁ። እኔማ ያባረሩሽ መሰለኝ። ወይ ደግሞ አሞሽ ሌላ ሰው የተኩ።”

“ምን ሆኜ?”

“እኔ ምን አውቃለሁ? ሁልጊዜ አንቺ ነሽ የምታነሺው። በኋላ እስከ መጨረሻው ስሰማት ኦፕሬተር ከፈለጉ ዜሮን ይጫኑ አለች። ኦፕሬተሯ አንቺ ካልሆንሽ ወደዚያ ልመጣ ነበር።”

እማማ ሃሎ ስንት ዓመት ሙሉ ጠባቂዋ እኔ ነኝ ብለው ኖረዋል። እናቷም ያኔ በቀጭኗ ድምፅዋ “ደረስኩ” ስትል “አለሽ ወይ?” ማለቷ ኖሯል? ጠይቀዋትም አያውቁ። ዛሬ ማታ መጠየቅ አለባቸው።

ጥሪ መላኩን የሚያጠፋውን ቁጥር ለልጅቷ ነገሯት፤ ብርጭቆው ውስጥ ያለውን ወተት እንድትጠጣ፣ ምድጃ እንዳትለኩስም ጨመሩበት። እሺ እሺ እያለች ዘጋች። ለማረጋገጥ መልሰው ደወሉላት፤ ይኸው፣ አነሳች።

“የቤቱን ቁጥር ከሕጉ ውጪ ላድርግልዎት፤ በቀጥታ እርስዎ ጋ ይገባል” አለች ቴክኒሻኗ። “ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ይሙሉ ይላል። ከትምህርት ቤት መልስ ያለውን አንድ ሰዓት ብቻ ላድርገው?”

እማማ ሃሎ ሹራባቸውን አጥፈው ወንበሩ ላይ መለሱት።

“ሰዓት አይኑረው” አሉ። “እሷም እኮ ስለ እኔ ታስባለች።”