በዩሮው ቦታ ባዶ ሳጥን

ጀሊላ ስሕተቱን ያየችው አባ ወልደ ሐዋርያት ከጽሕፈት ሱቋ ከወጡ በኋላ ነው። ትናንት አትማ የሰጠቻቸውን ደብዳቤ ሐይቁ ውስጥ ካለው ደሴት ወደ ገዳማቸው ወስደው ማኅተም አስመትተውበት፣ ዛሬ ለፖስታ ብቻ ጎራ ብለው ነበር። እሷ የቀረውን ቅጂ ልታስቀምጥ ብታነሣው፣ ከቁጥሮቹ ፊት በዩሮ ምልክት ቦታ ባዶ ሳጥን ታትሟል። ሦስት ቦታ።

ኪቦርዱ ላይ ያለው የዶላር ምልክት ብቻ ስለሆነ፣ ዩሮውን ያመጣችው አልት የሚለውን ቁልፍ ይዛ 0128 በመምታት ነበር። በጻፈችበት ኮምፒውተር ስክሪን ላይ ደህና ታይቷት ነበር፤ ማተሚያው የተያያዘበት አሮጌ ኮምፒውተር ግን ምልክቱ ያለበት የፊደል ዓይነት፣ ፎንት የሚሉት፣ አልነበረውም።

ደብዳቤው የገዳሙ ዕቃ ቤት ጣሪያ እንዲጠገን የሚለምን ነው። ክረምት ሳይገባ ካልተጠገነ የብራና መጻሕፍቱ መበስበሳቸው ነው። ደብዳቤውን ተቀብላ ለረጂዎች የምታደርሰው ጀርመናዊት ደግሞ ሐይቁ ዳር ካለው ሆቴል አራት ሰዓት ላይ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ትነሣለች። ሦስት ተኩል አልፏል። እንደገና እንዳታትመው ማኅተሙ ያለው ደሴቱ ላይ ነው።

ሱቋን ቆልፋ ባጃጅ ያዘች። መንገዱ ቢዘጋባት ወርዳ ሮጠች። አባን ሆቴሉ በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

«አባ፣ ሰጧት?»

«ገና ነው። ዘበኛው ሊጠራት ገብቷል። ምነው ልጄ?»

«የገንዘቡ ምልክት አልታተመም። ሳላየው ሰጠሁዎት።»

ደብዳቤውን ዘርግተው አዩት። «ሳጥኗን እኔም አይቻት ነበር። የፈረንጅ ምልክት ነው ብዬ ዝም አልሁ።»

«በእስክሪብቶ ልሙላው እንዳልል የእጅ ጽሕፈቴ አያምርም።»

«ምን ይመስላል? አሳዪኝ።»

አባ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ብራና ጸሐፊ ናቸው። መዳፏ ላይ ሣለችላቸው፤ ጎኑ የተከፈተ ክብ፣ መሃሉን ሁለት ሰረዝ ያቋረጠው። እሳቸው ፖስታው ጀርባ ላይ አንዴ ሞከሩት። ከዚያ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሦስቱንም ሳጥኖች ሳይቸኩሉ ሞሉ። ጀሊላ ዓይኗ ከበሩ አልተነቀለም።

ሴትዮዋ ሻንጣዋን እየጎተተች መጣች። አንብባ ምልክቱ ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ይህ በእጅ ነው?» አለች በተሰባበረ አማርኛ።

«አዎ። ማሽኑ እንቢ ብሎን ነው» አሉ አባ።

ደብዳቤውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ሄደች።

ከዚያ በኋላ ስልክ በጮኸ ቁጥር ጀሊላ ትደነግጥ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አባ ደወሉ፤ ጣሪያውን የሚለካ ባለሙያ ሐሙስ ይመጣል ተብለዋል።

«ጥገናው ከዝናቡ በፊት ይደርስ ይሆን?»

«እሱን ገና አላወቅነም» አሉ።