የእድሩ መኪና አዲሱ ሞተር

መካኒኩ ሙሉብርሃን የእድሩን የሬሳ መኪና ሞተር ከቀየረው ወዲህ መኪናው ጤና የለውም። ዝግ ብሎ ሲሄድ ውሃ ያፈላል፤ ነዳጅ ሲረግጡለትም ትንሽ አስቦ ነው የሚነሳው። ሾፌሩ ጫምሳ ሁለት ጊዜ ጋራዥ መለሰው። ቅዳሜ ዕለት ሙሉብርሃን፣ «አግኝቼዋለሁ፤ ሰኞ አምጣው» አለው። እሁድ ጠዋት ሙሉብርሃን ከአልጋው ሳይነሳ ቀረ።

ሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ጫምሳ የሙሉብርሃንን አስከሬን ጭኖ፣ በእግሩ የሚከተለውን ለቀስተኛ እየጠበቀ፣ በአዳማ ፀሐይ ወደ ቤተ ክርስቲያን አዘገመ። የሙቀቱ መርፌ ቀዩ ላይ ደረሰ። አጠገቡ የተቀመጡት የእድሩ ዳኛ አቶ ይትባረክ አዩት።

«ምን ይሻላል?»

«ፈጠን ካልን ይበርዳል።»

«ሬሳ ይዘን ልንሮጥ ነው?»

«አይ፣ ስለጠየቁኝ ነው።»

መንገድ መሀል እንፋሎት ወጣና ቆሙ። ከለቀስተኛው ግማሹ መካኒክ ስለነበር የሞተሩን ኮፈን የሚከፍት አልጠፋም። አንዱ ራዲያተሩ ተደፍኗል አለ። ሌላው ቴርሞስታቱ ነው አለ። የሟች የጋራዥ ባልደረባ ኡበይደላ ይሄ ሞተር አይሆንም ብሎ እንደነበር አስታወሰ። ካህናቱ አንድ ሱቅ ጥላ ሥር ቆሙ።

የሟች ሚስት ሰብለወንጌል ሰዉን አልፋ መጣች። ለቅሶ ድምጿን ዘግቶታል።

«ቬንትሌተሩ ነው» አለች። «ማራገቢያው ወደ ኋላ ነው የሚዞረው። ሽቦዎቹን አዛውሮ አስሯቸዋል።»

«ማን ነገረሽ?» አለ ኡበይደላ።

«እሱ ነዋ፣ እራት ላይ። ለጫምሳ እንዳትነግሪው ብሎኝ ነበር።»

ሞተሩ በረድ ሲል አስነሱት። ኡበይደላ ራዲያተሩ ፊት ወረቀት ያዘ። ወደ ውስጥ ተስቦ መለጠፍ ሲገባው ወደ ውጭ ተገፍቶ በረረ። «ልክ ነሽ» አለና ሞተሩን አስጠፍቶ ሁለቱን ሽቦዎች አቀያየረ።

«ነዳጅ አለመቀበሉስ?» አለ ጫምሳ። ሲጠይቃት አፈረ።

«የነዳጁ ካቦ የድሮው ሞተር የነበረው ነው፤ ይረዝማል። ፔዳሉ ግማሽ ሳይወርድ አይስብም።»

ኡበይደላ ካቦውን ወጠረው፤ ውሃም ጨመሩ። መኪናው ነዳጅ ሲረገጥለት ወዲያው ተነሳ። መርፌውም ቤተ ክርስቲያን እስኪደርሱ መሀል ላይ ቆየ።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሳጥኑን ያወረዱት ኮፈኑን የከፈቱት ሰዎች ነበሩ። እጃቸውን አልታጠቡም። ሳጥኑን በሸፈነው ነጭ ጨርቅ ዙሪያ የጣታቸው ግራሶ ታተመ። አቶ ይትባረክ ሌላ ጨርቅ እንዲመጣ አዘዙ።

«ይተዉት» አለቻቸው ሰብለወንጌል። «ልብሱ ሁሉ እንደዚህ ነው።»

ጨርቁ ሳይቀየር ወደ ውስጥ ገቡ።