የትልቁ ልጅ ፊት

"እናት፣ እጅዎን ያንሱላት" አለች የቆዳ ሐኪሟ።

እናትየዋ ደንገጥ ብላ እጇን ሰበሰበች። የልጇን አገጭ ይዛ ፊቷን ወደ መብራቱ እያዞረች ነበር። አስባበት አይደለም፣ የእጅ ልማድ ሆኖባት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በልብስ እጥበት ቤት እድፍ ስታስለቅቅ የኖረች ሴት ናት። የቀለም በሉት፣ የግራሶ፣ የዝገት፣ ሌላው ሞክሮ ያቃተው ልብስ ሁሉ መጨረሻው እሷ ጠረጴዛ ላይ ነው። ባልደረቦቿ "በረኪና" ይሏታል፤ እሷም ቅጽል ስሙን ወዳው ኖራለች።

ልጅቷ፣ የአስራ አምስት ዓመቷ ሚጣ፣ ሻርፗን ከፊቷ አውርዳ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ግንባሯንም ጉንጯንም ብጉር ወሮታል፣ አንዳንዱ መግል ቋጥሯል። ትምህርት ቤት ከቀረች ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። በነዚህ ሁለት ሳምንታት በእናትየዋ ዓይን እንቅልፍ አልዞረም። ያባነናት ግን የሚጣ ፊት ብቻ አልነበረም፤ የትልቁ ልጇም ፊት ነው።

"ከምን የመጣ ነው ዶክተር? በደንብ እየታጠበች አይደለም ይሆን?"

"ከመታጠብ ጋር አይገናኝም። በዚህ ዕድሜ ሆርሞን ሲቀየር ቆዳ ወዝ ያበዛል። ወዙ ከሞተ ቆዳ ጋር ተቀላቅሎ ቀዳዳዎቹን ይደፍናቸዋል። የተደፈነው ውስጥ ባክቴሪያ ይራባና ያብጣል፣ ይመግላል። በዘርም ይሄዳል።"

"እንዴ፣ ቆሻሻ አይደለም?"

"በፍጹም። እንዲያውም መፈተግና ማፍረጥ ያባብሰዋል። ጠባሳም ያስቀራል።"

እናትየዋ ጥፍሮቿን በነጠላዋ ሸፈነች።

"በቤተሰብ ሌላ ሰው ወጥቶበት ያውቃል?"

"ወንድሜ" አለች ሚጣ ቀስ ብላ። "አሁን ፊቱ ጎድጓዳ ጎድጓዳ ነው።"

"ያኔ ምን ተደርጎለት ነበር?"

ሚጣ ቀና ብላ እናቷን አየቻት።

"ምንም" አለች እናትየዋ። "ምንም አልተደረገለትም።"

ነጭ ውሸት ነው። ትልቁ ልጇ አቡሽ ያኔ አስራ ስድስት ዓመቱ ነበር፣ ነገሩም ስምንት ዓመት ሆኖታል። እሷ የማታስለቅቀው እድፍ የለም ተብሎ በሚወራበት ከተማ፣ የገዛ ልጇ ፊት እንዴት ያቅታት? እልህ ተያያዘች። ከስራ ስትመለስ አስቀምጣ ሎሚ ትቀባውና በልብስ ሳሙና አረፋ እያረገች በኮሌታ ብሩሽ ትፈትገዋለች። "እማ፣ በቃ" ይላታል። "ቆሻሻ ስለሆንክ እኮ ነው! ትንሽ ቻለው!" ትለዋለች። ያበጠውን ደግሞ ደም እስኪወጣው በጥፍሯ ታፈርጠዋለች። ፊቱ ሲበላሽ ጥፋቱን እሱ ላይ ደፈደፈችው፤ በእጅህ እየነካካህ ነው አለችው። ልጁም አመናት። አስራ ስምንት ሲሞላው የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ከቤት ወጣ፣ ዛሬ ራሱ ሹፌር ነው። ሰው የማያይበትን ስራ መርጦ ያዘ ማለት ይቻላል። ቤት የሚመጣው በዓመት አንዴ ቢሆን ነው፣ ሲመጣም ከመስኮቱ ራቅ ብሎ ይቀመጣል።

እሱ ሄደ እንጂ ድምፁ አልሄደም። ማሽኖቹ ሁሉ እያጓሩ፣ ኮሌታ ላይ ብሩሿን ሦስቴ ስታመላልስ "እማ፣ በቃ" ይላል ከጎኗ። እጇ ቀጥ ይላል። "በረኪና ደግሞ ጂኗ ተነሳ!" ብለው ይስቁባታል ባልደረቦቿ። አብራ ትስቃለች፤ ምን ታድርግ? አሁን ደግሞ እዚህ፣ ብሩሽም ኮሌታም በሌለበት ክፍል፣ ያው ድምፅ መጣባት።

ሐኪሟ መድኃኒቱን እየጻፈች ለሚጣ ታስረዳለች። "ይሄን ቅባት ማታ ማታ በስሱ ነው የምትቀቢው። ፊትሽን በቀን ሁለቴ በለስላሳ ሳሙና፣ በእጅሽ ብቻ ታጠቢ። መጀመሪያ ላይ ሊደርቅ፣ ሊብስም ይችላል፣ እንዳትደነግጪ። ለውጡ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል። እምቢ ካለ የሚዋጥ መድኃኒት አለ፣ እሱን እኔ እየተከታተልኩሽ እንጀምራለን።" ከዚያ ወደ እናትየዋ ዞረች። "የወንድሟም ጠባሳ ሕክምና አለው። ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ይሻሻላል። ይምጣና ልየው።"

"እሱ አይመጣም" አለች እናትየዋ።

ቅባቱን ገዝተው አውቶቡስ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ፀሐዩ ገና አልበረደም። ሚጣ የመድኃኒቱን ካርቶን ስታገላብጥ ቆየችና፣

"እማ" አለች።

"ወይ።"

"ሎሚውን እኮ እኔ ነበርኩ የማመጣልሽ።"

"የምን ሎሚ?"

"የአቡሽን ነዋ። 'ሎሚ አምጪ' ስትዪኝ እየሮጥኩ አመጣልሽ ነበር። ሲያለቅስ እየሰማሁ። እኔም ፊት ላይ ሲወጣ፣ የሱ ግፍ ነው አልኩ።"

ያኔ ሚጣ የሰባት ዓመት ሕፃን ነበረች። ያንን ድምፅ ይዤ የምኖረው እኔ ብቻ ነኝ ስትል፣ ልጅቷ እዚያው ቤት ውስጥ ያንኑ ስትሰማ አድጋለች። ለሐኪም መዋሸት ሌላ ነው። ይቺን ግን ዝም ብትላት ጥፋቱን ዕድሜ ልኳን ተሸክማው ልትኖር ነው።

ስልኳን አወጣችና ደወለች። መጥራት ሲጀምር፣ ሚጣ እንድትሰማ ስፒከር ላይ አደረገችው።

"እማ? ምነው፣ ምን ሆናችሁ?" የመኪናው ሞተር ከኋላው ያጓራል። በስራ ሰዓት ደውላለት አታውቅም።

"ሰላም ነን። ሚጣም አጠገቤ ናት፣ ትሰማሃለች።" ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች። "ሐኪም ቤት ነበርን። ብጉር ከቆሻሻ አይመጣም አለችን። አቡሽዬ፣ ያኔ ፊትህን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በብሩሹ፣ በጥፍሬ። አንተ ነካክተኸው አይደለም፣ ዋሽቼህ ነው። እህትህም ምንም የለችበት፣ እኔ ነኝ የላክኋት።"

ሚጣ የእናቷን ክንድ ጨምድዳ ያዘች።

"አቡሽ? አለህ?"

"ቆይ" አለ። ድምፁ ልውጥ ብሏል። "ጥግ ልያዝ።"

መኪናው ሲቆም፣ ሞተሩም ሲጠፋ ተሰማቸው።

"አሁን እንደገና በይው" አላት።

አውቶቡሳቸው መጥቶ ቆመ፣ ሰውም እየተጋፋ ገባ። እናትየዋ ከአግዳሚው አልተነሳችም። ስልኩን በእሷና በሚጣ መካከል አስቀመጠችና፣ "እሺ የኔ ልጅ" ብላ ከመጀመሪያው ቀን ጀመረችለት።