ሦስት ሚሊ ሜትር

«ለመሆኑ መምህር በዚህ በከፋ ጊዜ ገለጉ ድረስ ምን ሊያደርጉ ሄዱ?» አለች ከታችኛው ሰፈር የመጣች ሴትዮ፣ የንፍሮውን ሳህን አጠገቧ ላለችው እያቀበለች። የለቅሶው ሁለተኛ ቀን ነው፤ ጥያቄው ግን ስንት ጊዜ እንደተጠየቀ የሟቹ ልጅ የትናየት መቁጠር ትታለች። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ዝም አለች። እናቷ ወይዘሮ አሰበችም ፍራሹ ላይ ከጎኗ ተቀምጣ ዝም አለች። እናትየው ዝም ያለችው ስለማታውቅ ነው።

ለቅሶ ቤት ወሬ አያጣም። አንዱ የመሬት ጉዳይ ነው ይላል፣ ሌላው ዘመድ ሊጠይቅ ነው ይላል። አንዷ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ በዚያ በኩል ሌላ ልጅ ሳይኖራቸው አይቀርም ብላለች። ይህችን የመጨረሻዋን አሰበች ሰምታታለች። የሰሊጥ አጫጆች የጫነ መኪና ባለፈ ቁጥር የኮኪት አቧራ ድንኳኑ ውስጥ ይገባል፤ አሰበች በዚያ አቧራ ውስጥ ሆና የአርባ ዓመት ትዳሯን እንደገና ትመረምራለች።

ለምን እንደሄደ የምታውቀው የትናየት ብቻ ናት። የላከችው እሷ ናት።

አባቷ መምህር እንዳለው በድርቁ ዘመን፣ ገና በሃያ ዓመቱ ከወሎ መጥቶ ቆላ የሰፈረ ሰው ነው። በመጀመሪያው ክረምት ወባ የጨረሳቸውን ሰፋሪዎች ከገለጉ ወዲህ ካለው አንድ ትልቅ የዲማ ዛፍ ሥር ቀበሯቸው። እናቱና ሁለት እህቶቹ እዚያ ናቸው። ሐውልት የለም፣ ድንጋይ እንኳ አልተደረገም። ስለዚህ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ከሰፈር ሰፈር እየዞረ የሟቾቹን ስም ለቀመ። ስምንት ዓመት ፈጀበት። መቶ ዘጠና ሰባት ስም ሲሞላ፣ በቃ መጽሐፍ ይሁን አለ።

ሽፋኑን የምትሠራው የትናየት ነበረች። ኮኪት ላይ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አላት፤ የሠርግ ጥሪ፣ ማስታወቂያና መታወቂያ ትሠራለች፣ መጽሐፍ ግን ሠርታ አታውቅም። አባቷ ዲማውን በስልኩ አንስቶ በመልእክት ላከላት። የስልኩ ሚሞሪ ሞልቶ ስለነበር «የላክኸውንማ ምን ያደርግልሃል» ብላ ከስልኩ ላይ ጠራርጋ አጠፋችለት። በመልእክት የመጣ ፎቶ ተጨምቆ፣ ጥራቱን አጥቶ እንደሚደርስ አሳምራ ታውቃለች፤ ለደንበኞቿ በየቀኑ የምትናገረው ነው። ለአባቷ ሲሆን ቸኮለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

በሳምንቱ ጎንደር ያለው የማተሚያ ቤት ባለሙያ፣ ስሜነህ፣ ፋይሉን መለሰባት። ፎቶው ስልክ ላይ ቢያምርም ወረቀት ላይ ይደበዝዛል አላት። ደግሞ በዙሪያው ሦስት ሚሊ ሜትር ትርፍ የለውም። የመቁረጫው ቢላ ሁልጊዜ መስመሩን አይጠብቅም፤ ስለዚህ ምስሉ ከመስመሩ አልፎ መሄድ አለበት፣ ሊቆረጥ የማይገባው ነገር ደግሞ ከመስመሩ ይራቅ።

«አባዬ፣ እንደገና ልታነሣልኝ ነው» አለችው። መንገዱ ክፉ እንደሆነ ታውቅ ነበር፣ ኮኪት ውስጥ የማያውቅ የለም። ማታውኑ ሐሳቧን ቀይራ ሌላ ዛፍ ብናደርግስ ብላው ነበር።

«ሌላው ዛፍ ሥር ማን አለ?» አላት።

ይህን ቃሉን ላለፉት ሁለት ቀናት ለራሷ ደጋግማዋለች። አላሻላትም።

በሰልስቱ ቀን መምህርን ገለጉ የወሰዳቸው ሾፌር፣ ፈሀድ፣ መጣ። ግራ ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሎ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ከአሰበች ፊት ተንበርክኮ መስታወቱ የተሰነጠቀ የመምህርን ስልክ ሰጣት።

«እትዬ፣ ዛፉን ሁለቴ ዞሩት፣ ደጋግመው አነሡት» አለ። «መኪና ሲገቡ ደስ ብሏቸው ነበር። ‹አሁን ልጄ አትቸገርም› አሉኝ።»

ሌላውን አጠር አድርጎ ተናገረው። መታጠፊያው ላይ ተተኮሰባቸው፤ እሱ ሳይቆም ነዳ፤ ጤና ጣቢያው ሲደርስ መምህር በሕይወት አልነበሩም። ማን እንደተኮሰ የጠየቀ ሰው የለም።

አሰበች ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ወደ ልጇ ዞረች።

«ፎቶውን ያጠፋሁበት እኔ ነኝ» አለች የትናየት። «የላክሁትም እኔ ነኝ።»

እናቷ አልጮኸችም፣ አልተራገመችም። ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣችና ከፍራሹ ወዲያኛው ጫፍ፣ ከሴቶቹ መሐል ሄዳ ተቀመጠች። የሌላው ልጅ ወሬ በዚያው ቀን ቀረ። እናትና ልጅ ግን ከዚያ ወዲህ አራት ቀን ሙሉ ቃል አልተለዋወጡም፤ ለቀስተኛ ሲገባ አብረው ያለቅሳሉ፣ ሲወጣ ዞር ይባባላሉ።

በሰባተኛው ቀን ድንኳኑ ፈረሰ። ከቀትር በፊት ስሜነህ ደወለ። እያፈረ አጽናናትና፣ መጽሐፉ ለአርባው እንዲደርስ ከተፈለገ ፋይሉ ዛሬ መግባት እንዳለበት፣ ከነገ ጀምሮ የማተሚያ መኪናው ለሌላ ሥራ እንደተያዘ ነገራት።

የትናየት ኮምፒውተሯን ጓዳ ያለው ጠረጴዛ ላይ ከፈተችና የስልኩን ፎቶዎች ገለበጠች። የመጨረሻውን መረጠች። ጥርት ያለ ነው፤ የዲማው ልጥ መጨማደዱ ሳይቀር ይታያል። ሽፋኑ ላይ ስታስቀምጠው ነው በስተቀኝ ያለውን ያየችው። የጠዋት ፀሐይ ከበስተኋላው ወጥታ፣ የአባቷ ጥላ ጥቁሩ መሬት ላይ ተጋድሟል። ባርኔጣ አድርጓል። ባርኔጣው የፎቶውን ጠርዝ ነክቷል።

ድሮ በዚህ ትስቅበት ነበር። አንድም ቀን ጥላው የሌለበት ፎቶ አንስቶ አያውቅም። «ጥላህን ከፎቶዬ አውጣልኝ» ስትለው፣ «እሱ አይታዘዘኝም» ይላታል። አሁን የመቁረጫው ቀይ መስመር አንገቱ ላይ አልፏል። ጎንደር ያለው ቢላ ሲወርድ ራሱን ይዞት ይሄዳል።

እጇን ከማውሱ ላይ አንሥታ አለቀሰች። ለሰባት ቀን ያለቀሰችው ከሰው ጋር፣ ለሰው ነበር፤ ይሄኛው የራሷ ነው።

መቼ እንደገባች አታውቅም፣ አሰበች ከኋላዋ ቆማለች። ምስሉን አተኩራ አየችው።

«ያች ቀይ መስመር ምንድን ናት?»

«ቢላው የሚያልፍባት ናት፣ እማ።»

አሰበች ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ጣቷን ዘርግታ ባርኔጣው ላይ አሳረፈች።

«እዚህ ጋ ትንሽ መሬት ጨምሪለት።»

የትናየት ከዛፉ ሥር ያለውን ጥቁር አፈር እየቀዳች ከባርኔጣው ወዲያ መለጠፍ ጀመረች። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ደረቅ ሣሩንም ጨምራ። ስሜነህ ያዘዘው ሦስት ሚሊ ሜትር ነው፤ እሷ ሁለት ጣት ጨመረች። ዲማው ከመሐል ወደ ግራ ተገፋ፤ አባቷ ቢያየው አይወድላትም ነበር። ምስሉ ሲሸሽ የእናቷ ጣት ከጥላው ጋር አብሮ ሄደ። ፋይሉ ተጭኖ ጎንደር እስኪደርስም አሰበች ጣቷን ከባርኔጣው ላይ አላነሣችም።