ባሌ ያሳያት የሻጋታ ፎቶ

ደላላው አንድ ነገር ብቻ ለመነን፤ «ስለ ሻጋታው ትንፍሽ እንዳትሉ።» እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ እሺ አልኩት። ይህን ቤት ዛሬ ካልሸጥን ባሌ ለዓመታት የተመኘው፣ ለሥራ ዕቃው መጋዘን ያለው ቤት ነገ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ደግሞስ ሻጋታው አሁን የት አለና? ባሌ ልስን ሠሪ ነው። የመኝታ ቤቱን ግድግዳ እስከ ጡቡ አራግፎ፣ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ቀይሮ፣ እንደ አዲስ ለስኖታል። ሁለት ክረምት አልፎበት ጠብታ እርጥበት አላየንም።

ችግሩ ባሌ ራሱ ነው። ሥራውን ሳያይለት የሚያልፍ ሰው ሲያጋጥመው አያስችለውም።

ገዢዋ ረጋ ያለች መምህርት ናት። መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ «ቀለሙ ደስ ይላል» አለች።

«ቀለሙ?» አለ ባሌ።

ደላላው ጉሮሮውን ጠረገ፤ እኔ የባሌን እግር ረገጥኩ። ምን ዋጋ አለው፣ ስልኩን አውጥቷል። «ቀለሙንማ ማንም ይቀባዋል። ይልቅ ይሄን ይዩልኝ።» ጥቁር ግድግዳ፣ አረንጓዴ ግድግዳ፣ ጸጉር ያበቀለ ግድግዳ። የልጁን የልደት ፎቶ የሚያሳይ አባት እንኳ እንደሱ አይፍለቀለቅም። ደላላው ግንባሩን ይዞ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። እኔም አፌን በእጄ ይዤ ተንከተከትኩ። ቤቱ ከእጃችን ሊወጣ ነው፤ እኔ ግን ቀለለኝ።

ገዢዋ አልሳቀችም። ፎቶውን አጉልታ አየችው። «ይሄ እኔም ቤት አለ» አለች ቀስ ብላ። «ትናንት ቤቴን ልትገዛ ለመጣችው ሴት ሳሳያት ቁም ሳጥን አስጠግቼበት ነበር።»

የሷ ካልተሸጠ የኛን አትገዛም። ለዚያች ሴት ስትደውል፣ አልዋሽም፣ እንዳይነሳላት ተመኘሁ። ተነሳ። ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ፣ «እህቴ፣ ያልነገርኩሽ ነገር አለ» ብላ አንድ ሳታስቀር ነገረቻት። ከዚያ «የሚጠግነው ሰው አጠገቤ ነው» ብላ ስልኩን ለባሌ ሰጠችው።

ባሌ ስለ ቧንቧው ሊዘረዝር አፉን ሲከፍት ሴትዮዋ ከስልኩ ውስጥ አቋረጠችው። «እሱን ይተዉትና፣ እናንተ ቤት በሻጋታው የሚያስል ልጅ ነበር?»

የባሌ ሳቅ ጠፋ። «ልጃችን። ክረምቱን ሙሉ።»

«አሁንስ?»

መስኮቱን ከፍቶ ስልኩን ወደ ውጭ ዘረጋው። ልጃችን ኳስ እያባረረች፣ ጉሮሮዋ እስኪነቃ እየጮኸች ግቢውን ትዞራለች።

«ይስሟት» አለ።

ሴትዮዋ አዳመጠች፤ ብዙ አዳመጠች።

«ግድግዳዬን መቼ ይጀምሩልኛል?» አለች፣ ገና ያልገዛችውን ቤት ግድግዳ።