ውሃ የገባበት ዘይት

ብረት ለምን እንደተሰነጠቀ የሚመሰክረው ማን ነው? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምድጃ አፍ ላይ የቆመ ሰው ወይስ ዘይቱን አይቶት የማያውቅ ኮምፒውተር? ለመመለስ አትቸኩሉ። ጋሽ ዋቅጅራን ከሥራ ያባረራቸው ኮምፒውተሩ ነው።

ኮምፒውተሩን ያናገረችው ደግሞ ይርጋለም ናት። በፈረንጅ አገር፣ አሌክሳንድሪያ በሚገኝ አንድ የብረት ፋብሪካ፣ የጋለ ብረት ዘይት ውስጥ ሲነከር እንዴት እንደሚቀዘቅዝና እንደሚጠነክር በሒሳብ ቀምራ ስክሪን ላይ ታሳያለች፤ ሲሙሌሽን ይሉታል። በፈረንጆቹ 2011 ጸደይ ላይ አርባ ዘንጎች ተሰነጠቁ። አለቃዋ ዶክተር አክሊል፣ "ሲሙሌሽኑን አስኪጂው" አላት። የዘይቱ ናሙና ይምጣልኝ ብትል፣ "መጽሐፍ ላይ ያለው የንጹህ ዘይት ቁጥር ምን ጎደለው?" አለ። እሷም ሰማችው። በንጹህ ዘይት ቁጥር የተሠራው ስሌት ዘንጉ ሊሰነጠቅ አይችልም አለ። እንግዲያው ጥፋቱ ብረቱን ከልክ በላይ ያጋለው ሰው ነው ተባለ። የምድጃው ሠራተኛ የጋሽ ዋቅጅራ የስንብት ደብዳቤ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ተነበበ።

ሦስቱም ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ይገናኛሉ፤ አክሊል እንዲያውም ሽማግሌ ነው። በተከታዩ እሑድ ጋሽ ዋቅጅራ ከመባረራቸው በፊት ብረቱ ከሚነከርበት ገንዳ የቀዱትን ጥቁር ዘይት በማር ጠርሙስ ይዘው መጡ። በር ላይ የምታስተናግደው ጌጤነሽ ጠርሙሱን አየችና፣

"ጋሼ፣ በዘይት የሚጸለየው እኮ ዓርብ ነው" አለቻቸው።

"ይሄን የተቀባ ዓርብን አያያትም" ብለዋት አለፉ።

ይርጋለም ጎን ተቀመጡና ጠርሙሱን ከሦስት ወረቀት ጋር ጭኗ ላይ አኖሩት። "ልጄ፣ የማቀዝቀዣው ቱቦ ያፈሳል፤ ዘይቱ ውስጥ ውሃ ገብቷል። ብረቱ ሲነከር ይንጫጫል። ሦስት ጊዜ ሪፖርት አደረግኩ፣ አክሊል ፈርሞ ተቀበለኝ። ኮምፒውተርሽ ጆሮ የለውም?"

"እኔም አልጠየቅኩዎትም፣ ጋሼ" አለች።

ሰኞ ዘይቱን ፈተሸች። ውሃ የገባበት ዘይት ብረቱን ከንጹሁ ይልቅ በድንገት የሚያቀዘቅዝበትን ፍጥነት ለክታ ሞዴሉ ውስጥ አስገባች። አሁን ስክሪኑ ላይ ዘንጉ ተሰነጠቀ፤ ያውም አርባዎቹ በተሰነጠቁበት በዚያው ቦታ።

"ገብቶኛል" አላት አክሊል፣ ውጤቱን ስታሳየው የቢሮውን በር ዘግቶ። "ግን ሪፖርትሽ ደንበኛው ጋ ደርሷል፣ ይርጉዬ። ይሄ በሽማግሌ የሚያልቅ ነገር ነው። እሑድ ከስብከት በኋላ ጓዳ ገብተን እንጸልይና ይቅር እንባባላለን። ለወንድማችንም ሄርንደን ከተማ ሥራ አፈላልግለታለሁ። ፈረንጅ ፊት አታዋርጂን።"

ይቅር እንባባል! በዳይና ተበዳይ እኩል አንገት የሚደፉበት ይቅርታ! የሰውየው ስም በሠራተኛ ሁሉ ፊት ሲጎድፍ ጓዳ የፈለገ አልነበረም፤ ጓዳ ያስፈለገው ጥፋቱ ወደ ዶክተሩ ሲዞር ነው። ይርጋለምን ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ግን ሪፖርቱ ግርጌ የሰፈረው የራሷ ፊርማ ነበር።

ሐሙስ በፋብሪካው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ፣ አክሊል "ጥያቄ ያለው?" ሲል ተነሳች። ሁሉም እንዲሰማት በእንግሊዝኛ ተናገረች።

"ያ ስሌት የእኔ ነው፤ ስህተትም ነው። ዘይቱን ሳላይ ፈርሜአለሁ፤ ቅጣቴን እቀበላለሁ። ሚስተር ዋቅጅራ ዘይቱ ውስጥ ውሃ መግባቱን ሦስት ጊዜ ጽፈዋል፤ ዶክተር፣ ሦስቱንም ፈርመው የተቀበሉት እርስዎ ነዎት። ይኸው ወረቀቱ። ይህን እያወቁ የንጹህ ዘይት ቁጥር እንዳስገባ ያዘዙኝ ለምንድን ነው? ቢሮ አይጥሩኝ፤ እሑድንም አልጠብቅም። እዚሁ፣ እነዚህ ሰዎች ሁሉ እየሰሙ ይመልሱ!"