በጠመኔ የተሰጠ ድምፅ

የልብስ ሰፊዎች ማኅበር የሊቀ መንበር ምርጫ እኩል ለእኩል ወጣ። የቀረው አንድ ወረቀት ብቻ ነበር፤ እሱም ምልክት የተደረገበት በአረንጓዴ ጠመኔ ነው። ደንቡ «በእስክሪብቶ» ስለሚል፣ ኮሚቴው ድምፁ ለማን እንደተሰጠ ሳይናገር ወረቀቱን ፖስታ ውስጥ አሸገና «በቃ፣ እጣ ይጣል» አለ።

ወንበሩን መልቀቅ የጨነቀው ነባሩ ሊቀ መንበር ግን እጣ የሚባል ነገር አልሰማም ብሎ ፍርድ ቤት ሮጠ። አረንጓዴ ጠመኔ አብራው ከምትሰፋው ሚስቱ በቀር ማንም እንደማይዝ ሰፊው ሁሉ ያውቃል። እሷም ብትሆን ሆን ብላ አላደረገችውም። ድምፅ ልትሰጥ ከመጋረጃው ጀርባ ስትገባ እጇ እንደለመደው የሽርጧ ኪስ ውስጥ ገብቶ ጠመኔውን ይዞ ወጣ፤ ያየችውም ካሰመረች በኋላ ነው።

«ድምፅሽን እንደ ቅዳጅ ጨርቅ ሲጥሉት ዝም አልልም» አላት፣ ለችሎት የሚለብሰውን ሸሚዝ እየተኮሰችለት።

«ተወው፣ አንተ ሰው። እጣውም እኮ ላንተ ሊወጣ ይችላል።»

«የሚስቴን ድምፅ በእጣ?»

ምን ትበለው? የመረጠችው ተቀናቃኙን ነው። ባሏ ማኅበሩን ሲመራ ስብሰባው የእሱ፣ የደንበኛው ሱሪ ሁሉ የእሷ ሆኖ ወገቧ ተቆርጧል። ቢሆንም ትወደዋለች። ፖስታው ከተከፈተ በሰው ፊት መዋረዱ ነው፤ እሷስ የት ትገባለች?

ችሎት ላይ ባልየው አፉን አሟሸ። «ክቡር ዳኛ፣ ለልብስ ሰፊ እስክሪብቶ ምኑ ነው? የእኛ ብዕር ጠመኔ ነው። ዋናው የመራጩ ፍላጎት እንጂ የጻፈበት ዕቃ አይደለም» አለ። ከኋላ የተቀመጡት ሰፊዎች አጨበጨቡ። ሚስቱ በላብ ተጠመቀች።

ዳኛው ጥቂት አሰቡና «እውነትዎን ነው፤ ይቆጠር» ብለው ፖስታውን ቀደዱ። ወረቀቱን አዩ፤ ባልየውን አዩ፤ ተመልሰው ወረቀቱን አዩ።

«ምልክቱ ያለው በተቀናቃኝዎ ፎቶ ላይ ነው።»

ባልየው ከመቀመጫው ተፈናጠረ። «ክቡር ዳኛ፣ ደንቡ እኮ በግልጽ በእስክሪብቶ ይላል።»

«ክሱን ረትተዋል» አሉት ዳኛው። «ይቀመጡ።»

ባልየው ወጥቶ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ይጮሃል ብላ ነበር፤ ባለመጮሁ አንጀቷን በላት። አጠገቡ ተቀመጠች።

«ምን በደልኩሽ?» አላት።

«አንተ ስትመራ የምሰፋው እኔ ነኝ። ደከመኝ።»

«ታዲያ አትነግሪኝም ነበር?»

«ስንቴ ነገርኩህ። አጀንዳ አስይዢ አልከኝ።»